ያዘመመው እጀታ

ኪኑኤ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ልጅ ሳለች እንግዳ ከመጣ ከሩዝ ጎተራው ጀርባ ትወሸቅና እንግዳው ጫማውን አጥልቆ እስኪሄድ ድረስ ንቅንቅ አትልም ነበር። አሁን ሰባውን አልፋ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ የልጅ ልጅ አይታም እንኳ የበሩ ደወል ሲጮኽ መጀመሪያ የሚያምራት መደበቅ ነው። ሰይፍና መቀስ በሚሠራባት ሴኪ ከተማ ውስጥ ቤቷ ከገበያው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም ከሰላምታ ያለፈ ቃል የተለዋወጠቻቸው ጎረቤቶች ጥቂት ናቸው። የእጇን ሥራ ግን ስሙን በማታውቀው አገር የሚኖሩ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለው እንግዳ ያስደንቁበታል።

ሥራዋ የሰይፍ እጀታ መጠምጠም ነው። ሰይፉ ለመቁረጥ የተሠራ አይደለም። ከለስላሳ ብረት ቀልጦ የፈሰሰ፣ ላዩ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ቲማቲም ቢሰጡት የሚጨፈልቅ እንጂ የማይቆርጥ ነው። ሰብሳቢዎች ይገዙትና በእንጨት ማስቀመጫው ላይ አጋድመው ያዩታል፤ አቧራውን ይወለውሉለታል፤ በቃ። በተለይ ቀጥ ያለው ዓይነት፣ ያ ጠበብ ያለ ጥቁሩ፣ የእጅ መከለያው አራት ማዕዘን የሆነው፣ ውጭ አገር በጣም ይፈለጋል ይባላል። የከተማው ሽማግሌዎች ግን ይሳለቁበታል። በሕዝብ መታጠቢያው ሙቅ ውኃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ሲከራከሩ ባሏ ታኬዞ ሰምቶ እየመጣ ያወራላት ነበር።

"አያቶቻችን እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ታጥቀው አያውቁም። ይሄ የሲኒማ ፈጠራ ነው" ይላል አንዱ።

"አያትህን ታጥቆ አይተኸዋል? አያትህ ሽንኩርት ሻጭ አልነበረም እንዴ?" ይለዋል ሌላው።

ኪኑኤ ይህን ስትሰማ አፏን በእጇ ከልላ ትስቅና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰይፉ ጥንት ይኑር አይኑር እሷን አያስጨንቃትም። ማንንም የማይጎዳ መሆኑ ይበቃታል። ጠምጥማ የጨረሰችውን እጀታ ሰይፉን ለሚገጣጥመው ዓውደ ሥራ ከመስጠቷ በፊት፣ ማንም ሳያያት፣ እንደ ድመት ጀርባ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ትዳብሰዋለች።

የተወለደችው ከናጋራ ወንዝ ሽቅብ፣ ከተራራው መካከል ነው። ትምህርቷን ከመካከለኛው ደረጃ ላይ አቋርጣ ወደ ሴኪ ወረደችና መቀስ ፋብሪካ ገባች። መቀሶቹን በቀጭን ወረቀት እየጠቀለለች ሣጥን ውስጥ ትደረድር ነበር። ሌሎቹ ልጃገረዶች እየዘፈኑና እየተንጫጩ ሲጠቀልሉ እሷ አንገቷን ደፍታ የወረቀቱን ጠርዝ ከጠርዝ ታገጣጥማለች። አለቃቸው የነበረችው ሴት አንድ ቀን የእሷን ሣጥን ከፍታ አየችና "ይቺ ልጅ አፍ የላትም፤ ጣት ግን አላት" አለች። ባልም የፈለገችላት እሷው ናት።

ታኬዞ የአፎት ሠሪ ልጅ ነው። ያስተዋወቋቸው የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ ያ እንደ እባብ የረዘመው ዓሣ በጣፋጭ መረቅ ተለቅልቆ ከሩዝ ላይ ተጋድሞ መጣ። ሁለቱም ምግቡን እያዩ ዝም አሉ። አስታራቂ መስላ መሀል የተቀመጠችው አለቃ ስለ አየሩ አወራች፣ ስለ ወንዙ አወራች፣ የምታወራው አለቀባት። በመጨረሻ ታኬዞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

"ዓሣው ቀዘቀዘ" አለ።

"አዎ" አለች ኪኑኤ።

አለቃዋ ስትመለስ ለሰው ሁሉ "ተግባብተዋል" ብላ ተናገረች፤ እውነቷንም ነበር።

መጠምጠሙን ያስተማረቻት የባሏ እናት ናት። እጀታው እንጨት ነው። በላዩ የዓሣ ቆዳ የሚመስል ነጭ ሻካራ ነገር ይለበጥበታል። ከዚያ ጥቁር ጥብጣብ በውኃ ርሶ ይጨመቅና ሁለቱ ጫፎቹ ከግራና ከቀኝ እየተሻገሩ እስከ እጀታው ጭራ ይወርዳሉ። በየመሻገሪያው ጥብጣቡ ይታጠፋል፤ ከሥሩ ከጥፍር የማይበልጥ ወረቀት በወረንጦ ይገባል፤ ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበት መሳብ ነው። በመሻገሪያዎቹ መካከል ነጩ ቆዳ እንደ ትናንሽ ዓይኖች ብቅ ብቅ ይላል። ቁም ነገሩ ያለው ማን ከላይ ይሁን በሚለው ላይ ነው። አንዴ የግራው ጥብጣብ ከላይ ከሆነ፣ ቀጥሎ የቀኙ ከላይ ይሆናል፤ እንዲህ እየተቀያየሩ ነው የሚወርዱት። አንደኛው ብቻ ሁልጊዜ ከላይ ከሆነ ዓይኖቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘምማሉ፤ እጀታው ነፋስ የመታው ሣር ይመስላል። እንዲህ ያለ እጀታ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ሁለት ነው። የምሥራቁን ታኬዞ ያዘ፣ የሰሜኑን ኪኑኤ ያዘች። እያንዳንዳቸው ብርሃን ስለሚፈልጉ ፊታቸውን ወደየመስኮታቸው አዙረው፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ዕድሜያቸውን ሠሩ። አንደኛው ሌላውን በጆሮ ነው የሚያውቀው። እሱ ሆ የሚባለውን ለስላሳ የዛፍ እንጨት እየላገ የሰይፉን አፎት ሲቦረቡር የመላጊያው ድምፅ ከጀርባዋ እንደ ትንፋሽ ይሰማታል። እሱም ጥብጣቡ ተስቦ ጢጥ ሲል ይሰማል። በበጋ መግቢያ ላይ ኪኑኤ በዚያው በሆ ዛፍ ሰፋፊ ቅጠል ኮምጠጥ ያለ ሩዝና ዓሣ ጠቅልላ ስታቀርብለት፣ ታኬዞ "ቀን ሙሉ እንጨቱን ስቆርጥ ውዬ አሁን ደግሞ ቅጠሉ ሊበቀለኝ መጣ" ይላታል። በየዓመቱ ይህንኑ ይላል፤ በየዓመቱ ትስቃለች።

ቀጥ ላለው ሰይፍ አፎት መሥራት ከባድ ነው ይል ነበር ታኬዞ። ጎራዴ ሲሆን ጉብጠቱ ራሱ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ቀጥ ያለው ላይ ግን የፀጉር ያህል ብትስት ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፎቱን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ ሲያየው መቼም አይቸኩልም።

ባለፈው ፀደይ፣ የቼሪው አበባ ረግፎ ሳያልቅ፣ ስትሮክ መታው። መላጊያው ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲጋጭ ኪኑኤ ዞር አለች፤ ታኬዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከሆስፒታል ሲመለስ እግሩን እየጎተተ፣ ምላሱ ከበድ ብሎ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ነው። ግራ እጁ ደህና ነው። ነርሷ "ማንኛውንም ነገር ይንኩ፣ ይያዙ፣ ይሥሩ" አለችው። እሱ ግን ጓዳ ገባና ተኛ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያየዋል። መታጠቢያ ቤት ለመሄድ የሚቀርበው መንገድ በሥራ ክፍሉ በር በኩል ነው፤ እሱ ግን ያንን በር ላለማየት ምርኩዙን ይዞ በውጭው በረንዳ ይዞራል። ዝናብም ቢሆን ይዞራል።

ኪኑኤ ብቻዋን ትሠራለች። ከጀርባዋ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ጀርባዋ ይበርዳታል። ሥራ ይሥራ አትልም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቢቀመጥላት፣ ሌላ ምንም አትፈልግም። ግን እንዲህ ያለ ነገር በቃል እንዴት ይባላል? "ከጀርባዬ ተቀመጥ" ብሎ ለባል መናገር ያሳፍራታል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰው ሁሉ ለታኬዞ ድምፁን አለስልሷል። ጎረቤታቸው ቶሚ የተቀቀለ ዱባ ይዛ ስትመጣ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብላ "አባባዬ፣ ዛሬስ በላልን? ጎበዝ! ጎበዝ!" ትለዋለች። ናጎያ ያለችው ልጃቸው ካዮ በስልክ "አባዬ፣ እንዳትናደድ እሺ? ቀስ በል እሺ?" ትለዋለች። ኪኑኤም ከእነሱ አትሻልም። ሾርባ ሲደፋ "ምንም አይደል" እያለች ትወለውላለች፤ የኮመጠጠውን አትክልት አድቅቃ ትቆርጥለታለች። እሱ "እ" ይላል፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ከፀደዩ ቀጥሎ በመጣው ዝናብ ደግሞ የኪኑኤ አውራ ጣት አበጠ። የቀኙ ነው፤ የምትስብበት። ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፈች፣ የጥብጣቡን ጫፍ በጠረጴዛው እግር አስራ በሰውነቷ ክብደት እየሳበች ቀኑን ታሳልፋለች። እንደዚያ ሲሠራ ጊዜ ይወስዳል፤ ለትንንሾቹ የማስጌጫ ሰይፎች ግን ይበቃል።

መስከረም ላይ የዓውደ ሥራው ባለቤት ሺንጎ ትንሿን ነጭ መኪናውን ደጃፍ ላይ አቁሞ ገባ። አባቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው። ልጅ ሆኖ ኪኑኤ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ካኪ የሚባለውን ተምር መሳይ ደረቅ ፍሬ ሲበላ ያደገ ስለሆነ ሊያስቃት ይወዳል።

"እማማ ኪኑኤ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

ራሷን ዝቅ አደረገች።

"ዛሬ አንድ ቃል ሳልሰማ አልሄድም።"

"ሻይ?" አለች ኪኑኤ።

"ይኸው! ለሚስቴ እነግራታለሁ፣ ዛሬ እማማ ኪኑኤ ንግግር አደረጉ እላታለሁ።" ከዚያ ከጨርቅ ውስጥ አንድ እጀታ አወጣ፤ ረዘም ያለ፣ የቀጥተኛው ሰይፍ ነው። ጥብጣቡም አዲስ ነው፤ ወፍራም፣ ጠንካራ። "ለናሙና ነው። አንድ ብቻ። ገዢዎቹ ዓርብ ይመጣሉ፣ እኔ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ። ከእርስዎ እጅ ሌላ የማምነው የለኝም።" ወደ ጓዳው ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባባስ?"

ኪኑኤ በአገጯ ወደ ጓዳው አመለከተች። ሺንጎ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ጥብጣቡን አርሳ ጨምቃ ጀመረች። የመጀመሪያውን እጥፋት ስትስበው ጣቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ጥብጣቡ ላላ። እንደገና ሞከረች። በጠረጴዛው እግር አስራም ሞከረች፤ ይህ ጥብጣብ ግን እንደ ሌላው አይደለም፣ ጠረጴዛውን ይዞት ተንሸራተተ። ፈታችው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ የጎረቤቱን ካኪ ዛፍ እያየች ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳው ሄደች፤ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

"የካዮ አባት።"

"እ።"

"እጄ እምቢ አለኝ።"

ታኬዞ ከግድግዳው ዞረ። "የቱ?"

"አውራ ጣቴ። መገጣጠሚያው ላይ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዝናቡ ጀምሮ።"

"ከዝናቡ ጀምሮ! እና ዝም ትያለሽ?"

"አንተም ዝም ብለሃል።"

ይህን ስትል ራሷም ደነገጠች። ታኬዞ ጣቷን አየው፤ ደህናውን እጁን ዘርግቶ እብጠቱን ነካ ነካ አደረገ፣ የእንጨት ቋጠሮ እንደሚነካ።

"የሚስብልኝ ሰው ነው የጠፋው" አለች ኪኑኤ። "የግራ እጅህን ብቻ። እኔ አጥፋለሁ፣ አንተ ትስባለህ።"

"ቶሚን ጥሪያት።"

"ቶሚ ታወራለች።"

ታኬዞ ከፀደይ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል፤ የአፉ ሌላው ጥግ አልተከተለውም፤ ግን ሳቅ ነበር። ምርኩዙን ፈለገ። በበረንዳው አልዞረም። በሥራ ክፍሉ በር ገባ፤ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሞ የእንጨቱን ሽታ ማገና ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሳያይ ወደ ኪኑኤ ጠረጴዛ አለፈ።

እጀታው በእንጨት መያዣው መሀል ተወጥሯል። ጥብጣቡን ለሁለት ይዞ መሳብ ስላለ ፊት ለፊት መቀመጥ ግድ ሆነ። እንዲህ ሆነው ሠርተው አያውቁም። ኪኑኤ ፊቱን በሥራ ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ለካ ሲጨነቅ የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ያወጣል! ይህን ሁሉ ዘመን ከጀርባዋ እንዲህ እያደረገ ኖሯል። እንደ ልጃገረድ አፍራ አንገቷን ደፋች።

የመጀመሪያውን አጠፈች፤ የእሷ ጥብጣብ ከላይ ሆነ። ወረቀቱን በወረንጦ አስገባችና "ሳብ" አለች። ታኬዞ ሳበ። ግራ እጁ የብረት ያህል ነው፤ ጥብጣቡ ጢጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ላይ የእሱ ጥብጣብ ከላይ መሆን ነበረበት። ታኬዞ ግን በፍጥነት ጫፉን ከእሷ ሥር አሾለከው። ኪኑኤ እጇን አነሳች፤ ልትናገር ነበር። ፊቱን አየች። ምላሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ፣ ግንባሩ ላይ ላብ፣ ዓይኖቹ ከጥብጣቡ ላይ የማይነሱ። በሦስተኛው እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ሦስተኛው የእሷ ተራ ስለሆነ ትክክል ወጣ። አራተኛው ላይ ቀና አድርጋ ልታሳልፍለት ጥብጣቧን ዝቅ ስታደርግ፣ እሱ ከእሷ የበለጠ ዝቅ አለ። ጠባብ ድልድይ ላይ ተገናኝተው እለፊ፣ እለፍ እንደሚባባሉ ሰዎች ሆኑ።

"እኔ ከሥር ልሁን" አለ ታኬዞ። "የሙያው ባለቤት አንቺ ነሽ። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ያንቺ ከላይ ይሁን።"

ለአክብሮት ነው። ተጠምጥሞ ያለቀ እጀታ እንጂ ሲጠመጠም አይቶ ስለማያውቅ መቀያየሩን አያውቅም። ኪኑኤ አፏን ከፍታ ዘጋችው። አሁን "ተሳስተሃል" ብትለው፣ ያ ምርኩዝ ተነሥቶ በበረንዳው ሲዞር ታያት። ዝም እንዳለች እጀታው እስከ ጭራው ወረደ፤ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ወደ አንድ ጎን አዘመሙ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስትቋጥር ታኬዞ ወደ ኋላ ተደግፎ ተነፈሰ።

"ሆነ?"

"ሆነ" አለች ኪኑኤ።

የዚያን ዕለት ማዕድ ላይ ሩዝ ደገመ። የአኩሪ አተር ሾርባውን በራሱ እጅ ጠጣ፣ ከሰሐኗ ላይ የኮመጠጠ አትክልት ሰረቀባት። እሷ የራሷን ሳትጨርስ ሰሐኗን አነሳች።

ሐሙስ ማለዳ ሩዙን እያጠበች አሰበችበት። ብቻዋን ልትፈታው አትችልም፤ ብትፈታውም መልሳ የምትስብበት ጣት የላትም። ሺንጎን በስልክ "አልደረሰም" ልትለው ትችላለች፤ ታኬዞ ግን ይሰማል፣ ለምን ይላል። እንዳለ ከሰጠችው ደግሞ ገዢዎቹ ያዩታል፤ የባሏ እናት ስም ያለበት ቤት ነው ይሄ። ያም ሆኖ፣ እንዲያው ሁሉም ቀርቶ፣ ሰውየው ዛሬ ሳይነግሩት ተነሥቶ የክት ሹራቡን ለብሷል። አዝራሩን በአንድ እጁ ሲታገለው ሰምታለች፤ አልረዳችውም። አሁን ሥራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለዚህ ስትል ምን የማትዋሸው አለ? ሩዙን ሦስት ጊዜ ማጠብ ሲበቃ ውኃው መስታወት እስኪሆን አጠበችው።

ሺንጎ ገባ። ታኬዞን ሲያይ እጆቹን ዘረጋ።

"አባባ ታኬዞ! ተነሡልን! እንዴት ያለ ቀን ነው!"

"እርጅና ነው እንጂ ምን መነሣት አለ" አለ ታኬዞ፤ ደስ ብሎታል።

ሺንጎ እጀታውን ከጨርቁ ላይ አነሳ። የሴኪ ልጅ ነው፤ አንዴ አየ፣ በቃው። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ኪኑኤን አያት። እሷ ወለሉን ታያለች። ከዚያ ታኬዞን አየው፤ ሹራቡን፣ ጭኑ ላይ የተጋደመውን እጅ፣ አንድ ቀዳዳ ተሳስቶ የተቆለፈውን አዝራር። ወዲያው ፊቱ ለሰለሰ፤ ድምፁም ለሰለሰ።

"በጣም... በጣም ያምራል" አለ። "አባባም አግዘዋላ? ጎበዝ! ጎበዝ!"

ታኬዞ ጉልበቱን እያየ ነበር፤ የነበረችው ትንሽ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ሄደች።

"እኔ ነኝ" አለች ኪኑኤ ሳትጠየቅ። "ዓይኔ ደክሞ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።"

"ውሸታም" አለ ታኬዞ።

ሺንጎም ኪኑኤም ቀና አሉ።

"ትናንት አንቺ እራት ስትሠሪ አንስቼ ወደ መስኮቱ አየሁት። ዘሟል። ከላይ እስከ ታች ዘሟል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ቀጥ ያለ ነገር ሠርቼ የዘመመ ነገር አላውቅም?"

"ታዲያ... ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እስክትነግሪኝ ነዋ! ሌሊቱን ስጠብቅ፣ ጠዋት ስጠብቅ። አሁን ትቆጣኛለች፣ አሁን ትቆጣኛለች እያልኩ።" ምላሱ ተያዘበት፤ እንደገና ጀመረ። "ከታመምኩ ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው ጠፋ። ሾርባ እደፋለሁ፣ ምንም አይደል። ስልኩን አልመልስም፣ እሺ አባዬ። አሁን ደግሞ ሰይፍ አበላሽቼ ጎበዝ እባላለሁ። የማይቆጡት ሕፃንን ነው፤ ወይ ሬሳን ነው። እኔ የትኛው ነኝ? ንገሪኛ!"

የኪኑኤ ጆሮዎች ቀሉ። የምታለቅስ መሰላት፤ አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

"ምን ሆነህ ነው ሁልጊዜ ከሥር የምትሾልከው?" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ምን ሆነህ ነው? ጥብጣብ ነው እንጂ የሰው ደጃፍ ነው ወይ፣ እለፊ እለፊ የምትለኝ? አንዴ ያንተ ከላይ፣ አንዴ የኔ ከላይ! ይሄን ለማወቅ መጠምጠም መማር ያስፈልጋል? ከጀርባዬ ተቀምጠህ ስትላግ የኖርክ ሰውዬ ዞር ብለህ አታይም ነበር? አንድ ቀን እንኳ ዞር አትልም ነበር?"

"አንቺስ ዞር ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"አትመልስልኝ! እየተቆጣሁህ ነው!"

"እሺ" አለ ታኬዞ፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሺንጎ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ። ኪኑኤ ወደ እሱ ዞረች።

"አንተም ወዴት ነህ? የዘመመ እጀታ አይተህ 'ያምራል' ትላለህ? አባትህ እንዲህ ነው ያስተማረህ?"

"ይ... ይቅርታ እማማ።"

"ነገ ጠዋት ና።"

"ገዢዎቹ እኮ ነገ ጠዋት ነው የሚ..."

"ሻይ አጠጣቸው! ወንዙን አሳያቸው! እንደ አፍህ ብዛት እንግዳ ማቆየት ያቅትሃል?"

ሺንጎ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፊቱ በሙሉ ሳቅ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶም ቶሎ አላስነሳም፤ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስኮቱ ይታይ ነበር።

ኪኑኤ ተቀመጠች። አፏን በእጇ ያዘች። "ምን ነካኝ..." አለች በሹክሹክታ።

"ገና ነው" አለ ታኬዞ። "እጀታው አልተፈታም።"

ቋጠሮውን እሷ በወረንጦ ከፈተችው፤ እሱ በግራ እጁ ይዞ ተረተረው። ትናንት ሲጠመጠም የዋለው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተጥመልምሎ ወረደ። ጥብጣቡ እጥፋቱን ስለያዘ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እስኪለሰልስ ጠበቁ፤ እስከዚያ የሹራቡን አዝራር ፈታ ትክክለኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገባችለት። "ይሄም ዘሟል" አለችው። "ይሄን ዓይነቱንም ንገሪኝ እንጂ" አላት።

ጀመሩ። "የኔ ከላይ" አለች። ሳበ። "አሁን ያንተ። ውጣ! ... ውጣ እንጂ፣ ምን ትፈራለህ? እንዲህ። ሳብ። አሁን ውረድ።" ድምፅዋ መልሶ ቀስ ብሏል፤ ግን አልጠፋም። ከምሥራቁ መስኮት የገባው ብርሃን ባዶውን ጠረጴዛ አልፎ እነሱ ጋ ደረሰ። እጀታው ላይ ነጫጮቹ ዓይኖች አንዱ ከሌላው ሥር ትክ ብለው ቆሙ።

መጨረሻው አካባቢ የታኬዞ ተራ ሲደርስ ጫፉን ቀስ አድርጎ ከእሷ ሥር አሾለከውና በአንድ ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አያት። አውቆ ነው። ኪኑኤ ወረንጦውን አንስታ እጁ ላይ ቸብ አደረገችበት።

"ሰውዬ!" አለች። "ከላይ አልኩህ እኮ።"

"እሺ እሺ" አለ ታኬዞ፤ ጥብጣቡን አወጣ።

"ሳብ አሁን።"

ሳበ።